አባቴ፣ እኔና የአንድ ሜትር ተኩል ባቡር

የብሎካችን ሰዎች ስለ እኔ አንድ ወሬ ይዘዋል አሉ። «ያ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ልጅ ለየለት፤ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ በመጫወቻ ባቡር ይጫወታል» ይባላል። ወሬ ሲጋነን ነበር የማውቀው፤ ይሄኛው ግን ተቀንሶ ነው የደረሰኝ። እኔ ብቻ ሳልሆን ባለቤቴም ትጫወታለች። እንዲያውም (ለእናንተ ልንገራችሁና) ከእኔ እሷ ትበልጣለች።

ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው፣ አግብቶ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ምን ነክቶት ነው እንዳትሉ ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ጀርመን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለእህታችን ልጅ አንድ ትልቅ ካርቶን ላከች። ውስጡ ክብ ሆኖ የሚገጣጠም ሐዲድ፣ አንዲት ትንሽ ሎኮሞቲቭና ሦስት ፉርጎ አለ። ልጁ ለሰባት ቀን ጠገበ። ባቡሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አሁንም ይዞራል። በስምንተኛው ቀን «ይሄ ነገር የትም አይደርስም እንዴ?» ብሎ ጠየቀና ወደ ስልክ ጌሙ ተመለሰ። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግን ጥያቄው የትልቅ ሰው ጥያቄ ነበር። ካርቶኑም «እኛ ቤት ቦታ የለም» ተብሎ እኛ አልጋ ሥር ገባ። እኛ ቤት ቦታ ያለ ይመስል! ስቱዲዮ ነው የምንኖረው። አልጋው፣ ማድቤቱና ሳሎኑ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሚያድሩበት ቤት።

አባቴ የመጣው ያን ሰሞን ነው።

አባቴ የድሬዳዋ ሰው ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅምና እዚህ ጽሑፍ ላይ «አለ» ብዬ ስጽፍ ያልተቀጣሁ ልጅ እንዳልመስላችሁ፤ «አሉ» ብለው ነው የሚቆጣኝ። ባለቤቴ ጎጃሜ ናትና በመጀመሪያው ቀን «አባባ፣ እርስዎ ምን ልሥራልዎት?» ስትለው ዘወር ብሎ ከኋላው ሰው መኖሩን አይቶ ነበር። «አቦ፣ ልጄ፣ ስንት ሆኜ ነው የመጣሁት?» አላት።

ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ 27 ዓመት ሠርቷል። የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬ ደረሰ፤ ድሬም ራሷ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ለገሃር ገባ። ወደ 784 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ ማለት ነው። ያ አሮጌ ባቡር በአዲስ አበባና በድሬ መካከል መሄዱን ያቆመው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ የመጣው ግን ስለ ባቡር ለማውራት ሳይሆን የዓይን ሞራውን ሊያስገፍፍ ነው። መጀመሪያ አንዱ ዓይን፣ ከሳምንታት በኋላ ሌላው። ስድስት ሳምንት እኛ ጋ መክረም ነበረበት።

ችግሩ እኔና እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም ነበር።

ምክንያቱን የዚህ ገጽ የቆዩ አንባቢዎች ታስታውሱት ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ላይ «ባቡሩ ሄዶ ሾፌሩ ቀረ» የሚል ጽሑፍ ጽፌ ነበር። ባቡር በሌለበት ከተማ በየጠዋቱ ተነሥቶ ልብሱን አስተካክሎ ወደ ተዘጋ ጣቢያ ስለሚሄድ አንድ ሽማግሌ። አስቂኝ ነበር። ብዙ ሰው ስቆበታል፤ ስልክ የደወለልኝም ነበር። በዚህ ገጽ ደንብ መሠረት ስም አልጠቀስኩም። ሆኖም ድሬ ውስጥ በየጠዋቱ ልብሱን አስተካክሎ ወደ ጣቢያው የሚሄድ ስንት ሰው አለ? ጋዜጣው ከዚራ ሻይ ቤት ደረሰና አንዱ ጮክ ብሎ አነበበው፤ አባቴ ሻዩን ይዞ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ይሄን የነገረችኝ እናቴ ናት። እሱ ምንም አላለም። ስደውልም «እናትህን ላገናኝህ» ብሎ ነበር የሚሰጣት። ሁለት ዓመት «እናትህን ላገናኝህ»!

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይኑ የታሸገ አባትና የሚለው የጠፋው ልጅ። ባለቤቴ በመካከላችን አስተርጓሚ ሆነች። «ጨው ይጨመርልህ ወይ በለው» ዓይነት ኑሮ። የመጀመሪያው ሳምንት እንደዚህ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ማታ ማታ ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ሳብኩና ወረቀት አውጥቼ ሐዲድ መሳል ጀመርኩ።

ለምን መሳል? የልጁ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ነው። ክብ መዞር ካልሆነ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ባቡር ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል? ይሄን ጥያቄ ከእኔ በፊት የጠየቁ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝ አለን ራይት የሚባል ሰው «ኢንግልኑክ» የሚል ስም የሰጠውን ንድፍ አወጣ፤ ቃሉ በእነሱ ቋንቋ የምድጃ ዳር ጥግ ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ የታወቀው ባለሙያ ጆን አለን እ.ኤ.አ. በ1972 «ታይምሴቨር» የሚባል ሌላ ንድፍ አሳተመ። ሁለቱም ባቡሩ ሩቅ እንዲሄድ አይፈልጉም። የሚፈልጉት ፉርጎዎቹን እየሳበና እየገፋ፣ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው እያዘዋወረ በታዘዘው ተራ እንዲያሰልፋቸው ነው። የእኛ ባቡረኞች ከፈረንሳዮቹ ወስደው «ማኖቭር» የሚሉት ሥራ ማለት ነው። የአለን ንድፍ አምስት መቀየሪያ አለው፤ የራይት ግን ሁለት ብቻ። (መቀየሪያ ያልኩት ባቡሩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዲሄድ የሚያደርገውን ተንቀሳቃሽ ሐዲድ ነው።)

እኔ ታዲያ ድሃ ሲመኝ እንደሚሆነው ሆንኩ። ወረቀቱ ላይ ሰባት መቀየሪያ፣ ሦስት ፋብሪካ፣ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ ሣልኩ። በአንድ ሜትር ተኩል ላይ! አንድ ሜትር ተኩል ያልኩት ባለቤቴ በበሩና በእቃ ማጠቢያው መካከል ያለውን ግድግዳ ስለፈቀደችልኝ ነው። እሱም ለቡፌ ያሰበችው ቦታ ነበር፤ «ቡፌው እስኪገዛ» ብላ ነው። ቡፌው እንደማይገዛ ሁለታችንም እናውቃለን።

አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ ነበር። አላየሁትም። ባልታሸገው ዓይኑ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ተመለከተና በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋን ቃል ነገረኝ።

«ጭራው የት አለ?»

«የምን ጭራ?»

«ማሽኑ ፉርጎ ስቦ ወጥቶ የሚቆምበት። እዚህ ጋ ሦስት ፉርጎ ይዞ ሲወጣ ማሽኑ ግድግዳው ውስጥ ሊገባ ነው?»

አየሁት። እውነቱን ነው። ሁሉንም ሐዲድ በዕቃ መጫኛና ማራገፊያ ሞልቼ፣ ባቡሩ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ለመግባት ወደ ኋላ የሚሄድበትን ባዶ ሐዲድ ረስቼዋለሁ። በር ያለው፣ መተላለፊያ የሌለው ቤት ማለት ነው። ሰባቱም መቀየሪያ ለጌጥ!

«ከየት ተማርከው ይሄን?» አለኝ።

«ዝም ብዬ ነው የሣልኩት።»

«ያስታውቃል» አለና ወደ ፍራሹ ተመለሰ።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ስምንት ባዶ የክብሪት ቀፎና አንድ ትልቅ ባትሪ ድንጋይ ተደርድሯል። ባለቤቴን ከየሱቁ አስለቅሟት ኖሯል። ቀፎዎቹ ላይ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጽፎባቸዋል። ፉርጎዎቹ እነሱ፣ ሎኮሞቲቩ ባትሪ ድንጋዩ። ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ የራይትን ሁለት መቀየሪያ በእርሳስ እንድስል አዘዘኝ። እሱ እየነገረ፣ እኔ እየሣልኩ። ዓይኑ መስመር በደንብ አያይም፤ ግን መስመሩ ሲጣመም ያውቃል።

አሁን ዝርዝሩን ልንገራችሁ፤ ከእናንተ መካከል አንዱ መሞከሩ ስለማይቀር። ንድፉ ይሄ ነው። አንድ ጭራ፣ ሦስት ቅርንጫፍ። ረጅሙ ቅርንጫፍ አምስት ፉርጎ ይይዛል፤ ሁለቱ አጫጭሮች ሦስት ሦስት። ጭራው ሎኮሞቲቩንና ሦስት ፉርጎ ብቻ ይይዛል። ሲጀመር አምስት ፉርጎ በረጅሙ ላይ፣ ሦስት ፉርጎ በአንዱ አጭር ላይ ይቆማሉ፤ ሌላው አጭር ባዶ ነው። ከዚያ ከስምንቱ ቁጥሮች አምስቱን በዕጣ ታወጣላችሁ። የወጡት አምስቱ በወጡበት ተራ በረጅሙ ሐዲድ ላይ እንዲሰለፉ ማድረግ ነው ሥራው። በእጅ ማንሣት የለም። በመሳብና በመግፋት ብቻ።

ቀላል ይመስላል አይደል? ከስምንት አምስቱን በተራ ማውጣት 8×7×6×5×4 ነው፤ ማለትም 6,720 የተለያየ ባቡር። ስምንቱን በሙሉ መደርደር ደግሞ 40,320 ዓይነት ይሆናል። በቀን አንድ ብትጫወቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይደገም ይወስዳችኋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ የተማርኩበትን ጥቅም ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ መለኪያ መጣ። አንዱ ፉርጎ ከማያያዣው ጋር 12 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሎኮሞቲቯ 14። ስለዚህ ጭራው 14 ሲደመር 36፣ 50 ሳንቲ። ረጅሙ ቅርንጫፍ 60፣ አጭሩ 36። አንድ መቀየሪያ ደግሞ 24 ሳንቲ ይበላል። እኔ ሁለቱን መቀየሪያዎች አከታትዬ ረጅሙን ሐዲድ ከሁለተኛው በኋላ አደረግኩት። 50፣ 24፣ 24፣ 60። 158! በዚያ ላይ ጫፍና ጫፍ ላይ ለመቆሚያው አራት አራት ሳንቲ፣ እንዲሁም አባቴ «ድንጋዩ» ለሚለው ስድስት ሳንቲ ሲጨመር 172 ሆነ። ግድግዳው 150 ነው።

«ድንጋዩ» ማለት ሁለት ሐዲዶች በሚለያዩበት ቦታ መካከል የሚደረግ ምልክት ነው። ፉርጎ ከዚያ ምልክት አልፎ ወደ መቀየሪያው ከተጠጋ በሌላው ሐዲድ የሚመጣው ባቡር ጎኑን ይመታዋል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ከመቀየሪያው ጫፍ አይቆጠርም፤ ከምልክቱ ነው የሚቆጠረው። እኔ ይሄን ረስቼ ነበር። እንደ እኔ የሚረሳ ሰው አምስት ፉርጎ ይይዛል ብሎ የሠራው ሐዲድ አራት ተኩል ይይዝለታል።

ሁለት ማታ ስናስብ አመሸን። ሎኮሞቲቯን ትንሽ እናድርጋት? ፉርጎ እንቀንስ? ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች «ረጅሙን ቀድማችሁ ብታወጡትስ?» አለች። አባትና ልጅ ተያየን። ረጅሙ ከመጀመሪያው መቀየሪያ ብቻውን ይውጣ፤ ሁለተኛው መቀየሪያ በሌላው በኩል ሁለቱን አጫጭሮች ይክፈል። 50፣ 24፣ 60 — 134። በሌላው በኩል 50፣ 24፣ 24፣ 36 — እሱም 134! ትርፍ ትርፉ ሲጨመር ሁለቱም 148 ሆኑ። ግድግዳው ላይ ሁለት ሳንቲ ተረፈ። አባቴ «ይህቺ ልጅ ጣቢያ ብትቀጠር ኖሮ…» ብሎ ዝም አለ። እሷ አሁን ድረስ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ይሄን ታሪክ ታወራለች፤ ሽንኩርቱን ሳትረሳ።

ሌላም ብዙ ነገር ከእሱ ተማርኩ። ፉርጎ የሚያያዘውና የሚለያየው ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ ይሁን፤ ጠመዝማዛ ላይ ማያያዣው አይገናኝም። መጋዘኑና ፋብሪካው ከሐዲዱ ጀርባ ይሁን፤ እኔ ለውበት ብዬ ከፊት አድርጌው እጄ ፉርጎው ጋ አልደርስ ብሎ ነበር። ጣውላው ከ30 ሳንቲ አይስፋ፤ ክንድ ሲዘረጋ እጅጌ ሌላውን ያነሣዋል። መቀየሪያዎቹ አጠገብ ለአጠገብ ይሁኑ፤ አንድ ሰው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ሁለቱንም በጣቱ ይግፋ፤ ሞተር የሚባል ወጪ አያስፈልግም። አንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ ስላለ ኤሌክትሪኩም ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ጣውላው ደግሞ ደልዳላ ይሁን! የቤታችን ወለል ወደ እቃ ማጠቢያው ያዘነብላል፤ ያወቅነው አባቴ ከደረጃው ልጆች ብይ ተበድሮ ጣውላው ላይ ሲያስቀምጣት ነው። ብይዋ እያየናት ተንከባልላ ባልዲ ውስጥ ገባች። ከአንዱ እግር ሥር ካርቶን አጥፈን እስክትቆም ድረስ አስተካከልነው።

«ፉርጎ ከሰው ይልቅ ቁልቁለት ያውቃል» አለ አባቴ። ከዚያ ስለ ሥራው ጥቂት ጥቂት ማውራት ጀመረ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ምክንያት ይኑረው አለና አንዱን የቡና መጋዘን፣ አንዱን ሲሚንቶ፣ ረጅሙን ወደ ጅቡቲ የሚነሣው ባቡር የሚሰለፍበት አደረገው። የጫማ ካርቶን ቆርጬ መጋዘኑን ሠራሁ። ግድግዳውን ቢጫ ቀባሁት፤ የጣቢያው ቀለም በልጅ ዓይኔ እንደዚያ ነበር የማስታውሰው። አባቴ ቀለሙን አላረመኝም፤ ወይ ልክ ነው፣ ወይ አላየውም።

በአራተኛው ሳምንት እህቴ ሁለቱን መቀየሪያዎችና አምስት ያገለገሉ ፉርጎዎች በአንድ መንገደኛ እጅ ላከችልን። የክብሪት ቀፎዎቹ ጡረታ ወጡ። ሁለተኛው ዓይኑ ገና አልተነካም፤ የመጀመሪያው ግን ፋሻው ተነሥቶ እንደ ጎረምሳ ያይ ነበር። ሐዲዱን ስንዘረጋ ጎንበስ ብሎ ጣቱን በሁለቱ ብረቶች መካከል አስገባ።

«ይሄ የእኔ ባቡር አይደለም» አለ።

«እንዴት?»

«ሰፊ ነው።»

ስቄበት ነበር። ኋላ ለብቻዬ ሳሰላው ግን አፈርኩ። በዚህ መጫወቻ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 አባዙት፤ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲ ግድም ይመጣል። ይሄ የአዲሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ልክ ነው፤ 1,435 ሚሊ ሜትር። የድሮው የእነ አባቴ ሐዲድ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በዚህ መጫወቻ ልክ 12 ሚሊ ሜትር ግድም ሐዲድ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። አራት ሚሊ ሜትር ተኩሉን በአንድ ዓይንና በአንድ ጣት ለየው!

«እንመልሰው?» አልኩት።

«ተወው አቦ። ማኖቭሩ ያው ነው።»

የመጀመሪያውን ጨዋታ እኔ ተጫወትኩ። ግን አንድ ተንኮል ሠርቼ ነበር። ጭራው ሦስት ፉርጎ ብቻ መያዙ ስለጨነቀኝ፣ ማንም ሳያየኝ በሩ በኩል ትርፍ ሐዲድ ቀጥዬ ለአምስት ፉርጎ እንዲሆን አድርጌዋለሁ። በሩ አይዘጋም፤ ግን ምን ችግር አለው? ዕጣው ወጣ፤ አምስቱን በአንድ ጊዜ ሳብኩ፣ ገፋሁ፣ ሳብኩ፣ ቶሎ አለቀ። እንደገና አወጣን፤ ቶሎ አለቀ። ባለቤቴ አዛጋች። አባቴ ተነሥቶ የቀጠልኩትን ሐዲድ ነቅሎ ሰጠኝ።

«አሁን ሞክር።»

አሁን ሥራ ሆነ። ሦስት ብቻ ነው የምትስበው። አራተኛው ካስፈለገህ መጀመሪያ የያዝከውን የት ታስቀምጠዋለህ? ባዶው ቅርንጫፍ ላይ ሦስት ቦታ አለ፤ እሱን ያለ ነገሩ ከሞላኸው ታስረሃል። ሃያ ደቂቃ ላቤ እስኪወርድ ታገልኩ። አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «ሁሉም ሰው ፉርጎ ይቆጥራል» አለ፤ «ማኖቭር የሚሠራ ሰው ባዶውን ነው የሚቆጥረው። ባዶህ ስንት ነው?» ቆጠርኩ። ለአሥራ አንድ ፉርጎ የሚሆን ሐዲድ፣ ስምንት ፉርጎ። ሦስት። «እንግዲህ ያለህ እሱ ነው» አለና ዓይኑን ሳይገልጥ በቃሉ እየነገረኝ ጨረሰልኝ።

እንዴት አወቅከው ስለው ነው ነገሩ የመጣው።

«ሥራዬ ነዋ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «ያ ጋዜጣ ላይ የጻፍከው ሰውዬ እኔ ነኝ?»

ባለቤቴ ሳህን ማጠቧን አቆመች። መዋሸት እችል ነበር፤ «አይ አባዬ፣ ሌላ ሰው ነው» ብል ያምነኝ ነበር ብዬ አላስብም። «አንተ ነህ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ጣቢያው ጋ መሄዴን መጻፍህ ምንም አይደል፤ እሄዳለሁ። አሁንም እሄዳለሁ። ግን ‹ሾፌሩ› አልክ።»

«አዎ…»

«እኔ ሾፌር ሆኜ አላውቅም። አንድ ቀንም ማሽን ነድቼ አላውቅም። እኔ መሬት ላይ ነኝ። ቀን በባንዲራ፣ ማታ በፋኖስ፣ ሾፌሩ የእኔን እጅ ካላየ አይንቀሳቀስም። በፉርጎና በፉርጎ መካከል ገብቼ የማያይዘው እኔ ነኝ። ሻይ ቤት ሲነበብ የሳቁት በአንተ ቀልድ መሰለህ? ‹ልጅህ ምን እንደምትሠራ አያውቅም እንዴ?› ነው ያሉኝ።»

እኔ በልጅነቴ ፋኖሱን ይዞ ማታ ሲወጣ አስታውሳለሁ። ፋኖሱን ለመንገድ መብራት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በላይ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ስለ አባቴ አንድ ሙሉ ገጽ ስጽፍ፣ አንባቢ ሳቀ ብዬ ስደሰት፣ የሰውዬውን ሥራ አላውቅም ነበር። ባቡር ውስጥ የሠራ ሁሉ ሾፌር ይመስለኛል ማለት ነው። ይቅርታ አልኩት። ይቅርታዬን ሰማና «ዕጣውን አውጣ» አለኝ፤ የተባባልነው ይሄንኑ ነው። ያን ምሽት እስከ አምስት ሰዓት ተጫወትን። መብራት ሲሄድ ባለቤቴ የስልኳን መብራት ከላይ ያዘችልን፤ ሎኮሞቲቯ ኤሌክትሪክ ስለሌላት በእጄ እየገፋኋት፣ እሱ እጁን እያወዛወዘ ምልክት እየሰጠኝ። ወደ ታች ሲያደርግ ቀስ በል፣ ሲያቆም ቁም። አንዴ ምልክቱን ሳላይ ገፋሁና ፉርጎ 6 ከጣውላው ወደቀች። «ገደልከኝ» አለ እየሳቀ። ሲስቅ በሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነበር።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ባቡር አትግዙ። እኔ እንኳን በስጦታ ነው ያገኘሁት፤ እዚህ አገር ፈልጎ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ስምንት የክብሪት ቀፎ፣ አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ወረቀት ይበቃል። ቅርንጫፎቹን በቀፎው ርዝመት ለኩ፤ አምስት፣ ሦስት፣ ሦስት፤ ጭራው አንድ ባትሪና ሦስት ቀፎ። ቀፎ ከቀፎ ላይ አይዘልም፤ መዝለል የለመደ ቼዝ ይጫወት። የትዳር ጓደኛ ያላችሁ አብራችሁ ተጫወቱ፤ አንዱ ሾፌር፣ ሌላው መሬት ላይ ሆኖ ምልክት ሰጪ። ማን ምን እንደሚሆን ላይ ብትጣሉ ግን እኔን እንዳትጠሩኝ፤ እኛ ቤት የሚወሰነው በዕጣ ነው፤ ዕጣውን የምታዘጋጀው ደግሞ እሷ ናት።

አባቴ ሁለተኛው ዓይኑም ተሠርቶለት በስድስተኛው ሳምንት ወደ ድሬ ተመለሰ። አውቶቡስ ተራ ስሸኘው ይሄን ነገር ልጽፈው አስቤያለሁ አልኩት፤ ፈራ ተባ እያልኩ። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ጻፍ። ሾፌር እንዳትል እንጂ።» ከዚያ መስኮቱ ጋ ሆኖ ጠራኝና «ጭራውን ሦስት በል፤ እንዳትሳሳት» አለኝ። ይኸው ብያለሁ አባዬ። ሦስት።

አሁን እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። «እናትህን ላገናኝህ» ቀርቷል፤ እንዲያውም እናቴ «እኔንስ የሚያናግረኝ የለም?» ብላ ትቆጣለች። ባለቤቴ ዕጣውን ታወጣለች፤ ፉርጎዎቹ የት የት እንደቆሙ እነግረዋለሁ። ባለፈው እሁድ 7፣ 2፣ 8፣ 1፣ 4 ወጣ። እሱ ምንም ሳይጽፍ ይሰማል። ጀርባው ላይ የድሬ ባጃጅ ይሰማኛል፤ ከቤት ወጥቶ ነው የሚያወራው።

«ከረጅሙ ሦስቱን ሳብ» አለኝ።

«ሳብኩ።»

«ባዶው ላይ አንዷን ተዋት።»

«የቷን?»

«መጨረሻ ላይ ያለችውን ነዋ! አሁን ባዶህ ስንት ነው?»

ልቆጥር ስል ካርድ አለቀብኝ። መልሶ ራሱ ደወለ።